ይመታል ወይስ ይመታል? አንድ ታሪክ በመጽሐፍ፣ በትረካና በስክሪን

(ምስል፦ ነጭ ወረቀት። መሀሉ ላይ አንድ ቃል ብቻ፤ «ይመታል»።)

እስቲ ይህችን ቃል ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ።

አላልታችሁ ካነበባችሁት ሰውየው ሊመታ እጁን አንስቷል። «መ»ንም «ታ»ንም ካጠበቃችሁ፣ ማለትም ረገጥ አድርጋችሁ ካነበባችሁ፣ ደግሞ ዱላው እሱ ላይ ሊያርፍ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ያው አራት ፊደል ነው። መቺውም ተመቺውም አንድ ዓይነት ይጻፋሉ።

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ጎንደር ነው፤ ከፒያሳ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለ ቤት ውስጥ። ከኋላዬ ባጃጅ ከሰማችሁ ይቅርታ፤ መስኮቱን ዘግቼም አላቆመልኝም። ዛሬ የማወራው አንድ ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ ትረካ፣ ከዚያም ወደ ድራማ ሲሻገር ምን እንደሚሆን ነው። መነሻዬ ግን ይህችው ቃል ናት፤ ምክንያቱም እኔን አዋርዳኛለች።

ባለፈው ክረምት ማታ ማታ ለአያቴ ልብ ወለድ አነብላቸው ነበር። ቆብ ከጫኑ ወዲህ ሁላችንም እማሆይ ነው የምንላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን የድመት ነው። አንድ የጠብ ትዕይንት ላይ ስደርስ ስሜቱን ላሳምር ብዬ ፈጠን አልኩ። እማሆይ እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ቆይ አንተ፤ አሁን ማን ነው ማንን የሚመታው?»

ተመልሼ አየሁት። ማጥበቅ የነበረብኝን አላልቼዋለሁ። ለካ ግማሽ ገጽ ሙሉ ሟች ሊሆን የተቃረበውን ሰውዬ ጀግና አድርጌው ኖሯል።

(ምስል፦ ሦስት ቃላት በየተራ፤ «ገና»፣ «ዋና»፣ «አለ»።)

የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ይሆናል። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። በልባችን ስናነብ ችግሩ አይታወቀንም። ዓይን ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶ፣ ትርጉሙን ይዞ፣ ሳንነቃበት ወደ ኋላ ተመልሶ ያርመዋል። አፍ ግን እንደዚያ አይችልም። ከወጣ ወጣ ነው። ስለዚህ ተራኪ ማለት ደራሲው ሳይጽፈው የተወውን በያንዳንዱ ቃል ላይ እየወሰነ የሚሄድ ሰው ነው። እኔ ትረካን «መጽሐፉን በድምፅ መቅዳት» ሲሉት ደስ የማይለኝ ለዚህ ነው።

ይህን ነገር በቁም ነገር ያሰቡበት አንድ ደራሲ ደግሞ ሁላችሁም የምታውቋቸው ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የሚጠብቁት ፊደላት አናታቸው ላይ ነጥብ ተደርጎባቸዋል። ነጥቧን ያየ አንባቢ ያጠብቃል፤ ያላየ ያላላል። በቃ። ደራሲው አንባቢያቸው እንዲሳሳት አልፈለጉም። ነጥቧ ግን አገር ምድሩን አላዳረሰችም፤ ዛሬም ያለሷ ነው የምንጽፈው።

ነጥቧ ያልሄደችበትን ርቀት የአንድ ሰው ድምፅ ሄደበት። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ገጹን ገልጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ዘመዱ አደረጋቸው። ወጋየሁ የመድረክ ሰው ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ ሌላ ሰው ነው፤ ጉዱ ካሳ ሲናገር ሌላ ሰው። ዛሬ ያንን መጽሐፍ በዝምታ ሳነብ እንኳ በጆሮዬ የሚመጣው የራሴ ድምፅ አይደለም፤ የእሱ ነው። መታደል ነው ወይስ መነጠቅ? እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ይመስለኛል።

(ምስል፦ የዋርካ ጥላ፤ ከሩቅ የተማሪዎች ንባብ ይሰማል።)

ጎንደሬ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት፣ በንባብ ቤት ያለፈ ሰው ጠይቁ። ልጁ መጀመሪያ ፊደል ይቆጥራል፣ ከዚያ ውርድ ንባብ፣ ከዚያ ቁም ንባብ። የግዕዙን ቃል ሲያነብ ተነሽ ነው ወዳቂ፣ ተጣይ ነው ሰያፍ፣ የቃሉን የአነባበብ ዓይነት ለይቶ ማንበብ አለበት። የኔታ መጽሐፉን አያዩም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጭራቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ወዳቂው ላይ ልጁ ካነሣ «ህም!» ይላሉ። ያቺ «ህም!» እኔ የማውቃት ምርጧ የአርትዖት ሥራ ናት። ከቅኔ ቤት ደጅ የደረሰ ሰው ደግሞ አንዲት ቃል ጠብቃ ሰም፣ ላልታ ወርቅ ልትሆን እንደምትችል ያውቃል። በጽሑፍ ሁለቱም አብረው ይኖራሉ። በድምፅ ግን አንዱን መርጠህ ሌላውን ለሰሚው ትተውለታለህ።

እሺ፣ ስክሪኑስ?

ድራማ የማጥበቅና የማላላት ችግር የለበትም። ማን ማንን እንደመታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የእሱ ችግር ሌላ ነው፤ ሰው በልቡ የሚያስበውን ካሜራ አያየውም።

በዛብህን ውሰዱት። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው። ሰብለን ሲወድ ስለቱን ማፍረሱ ነው፤ ያ ፍርሃት ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። መጽሐፉ ይህን በሰፊው ይነግረናል። ተራኪ ትንሽ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ይገባናል። ዳይሬክተር ግን ምን ያድርግ? ያለው መንገድ ጥቂት ነው። ወይ የተዋናዩ ፊት ላይ ይቆያል። ወይ ምስጢሩን የሚነግረው ጓደኛ ይፈጥርለታል። ወይ ከጀርባ ድምፅ ያስገባል፤ ያ ደግሞ ተመልሶ ትረካ ነው። መጽሐፉ በቅርቡ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሲሆን «እንደ መጽሐፉ አይደለም» የሚል ብዙ ሰው ሰምቻለሁ። እንዴት ሆኖ ይሆናል? የፊታውራሪን የዘር ኩራት ደራሲው የሚነግረን በልዝብ ቀልድ ነው፤ ፈገግታው ያለው በአተራረኩ ውስጥ ነው። ካሜራው ፊት ግን የሚቀመጡት ፊታውራሪ እንጂ ደራሲው አይደሉም።

ስክሪን የሚበልጥበት ቦታ የለም ማለቴ እንዳይመስላችሁ። አለ፤ ሲጠብቅም።

የጎንደር ልጅ ኃይሌ ገሪማ የሠራው «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የተባለ ምሁር ከጀርመን ተመልሶ የእናቱ መንደር ይገባል። የሚያሰቃየው ትዝታ ድንገት እየመጣ ድንገት ይጠፋል፤ ዛሬና ድሮው ይደበላለቅበታል፣ ለኛም ይደበላለቅብናል። ይህን በትረካ ልሥራው ብትሉ ሰሚው «የት ነን? መቼ ነው?» እያለ ይጠፋል። በምስል ግን የአንድ ቅጽበት ቁርጥራጭ ይበቃል። የኃይሌ አባትም ቴአትር እየጻፉ በየገጠሩ ያሳዩ እንደነበር ሳውቅ ነገሩ ከየት እንደመጣ ገባኝ።

ለጆሮ ብቻ ተብለው የተጻፉም አሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ በሬዲዮ የቀረበውን ድራማ «የቀን ቅኝት»ን የሚያስታውስ አለ? ኤች አይ ቪንና የቤተሰብ ምጣኔን ይዞ ከ250 ክፍል በላይ ሄዷል። ከመጽሐፍ ስላልመጣ ገና ከጅምሩ የሚያስበው ለሰሚ ነው፤ በር ሲከፈት ሲጢጥ ማለት አለበት፣ የገባው ሰው በስሙ መጠራት አለበት። ለስክሪን ብቻ ከተጻፉት ደግሞ የቴሌቪዥን ድራማውን «እረኛዬ»ን እዩ። ዝርዝሩን ለሌላ ቀን ላቆየው፤ ብቻ ሠሪዎቹ የገጠሩን ዝምታ ሳይፈሩ እንዳለ ትተውታል።

አሁን ወደ ሥራው። ብዙዎቻችሁ «ትረካ መጀመር እፈልጋለሁ» ትሉኛላችሁ።

ስቱዲዮ አያስፈልግም። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀዳው፤ ከላይ ያየኝ ሰው ወባ የያዘኝ ይመስለዋል። ማይኩን ከአፌ አንድ ስንዝር አርቀዋለሁ፤ ከዚያ ከቀረበ «ጵ» እና «ፕ» ይፈነዱበታል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በፊት ካልጨረስኩ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይቀድመኛል።

ከዚያ በፊት ግን ፈቃድ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ሥራውን ይጠብቃል። መተረክም፣ ወደ ድራማ መቀየርም በዚህ ውስጥ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ቀሪውን እናንተ ደምሩት። «ማስታወቂያ አልሠራሁበትም» ማለት ፈቃድ አይሆንም።

(ምስል፦ በእርሳስ የተነጠበ ገጽ፣ በቅርብ።)

ይሄ ትናንት የቀዳሁት ምዕራፍ ነው። ነጥቦቹን ታያላችሁ? ከመቅዳቴ በፊት ገጹን ሙሉ አነባለሁ፤ ሊያሳስተኝ የሚችል ፊደል ካለ አናቱ ላይ በእርሳስ እነጥባለሁ። አዲስ ነገር አልፈጠርኩም፤ የሐዲስን ነጥብ ነው የተዋስኩት። አንድ ገጽ ላይ አሥራ አምስት ሃያ ይደርሳል። ከዚያ ወደ እማሆይ እወስደዋለሁ፤ እንዝርቱ ካልቆመ አለፈ ማለት ነው።

እማሆይ ድራማም አያመልጣቸውም። ማታ ቲቪው ሲከፈት ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጥጣቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሙሉውን በጆሮ ነው የሚከታተሉት። ባለፈው እሑድ አንድ ትዕይንት ላይ ሰዎቹ ንግግራቸውን አቁመው ዝም ብለው ተያዩ። ሙዚቃም የለ። እንዝርቱ ቆመ። እማሆይ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞር አሉና ስክሪኑን አዩት።

«ምነው፣» አሉኝ፣ «መብራት ሄደ እንዴ?»