አንድ አውራጅ፣ ሚሊዮን ተቀባይ

እንደምን አመሻችሁ! እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኢስቶኒያ ሰዎች ነው። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ካርታውን ቶሎ ልጨርሰው። ኢስቶኒያ በሰሜን አውሮፓ፣ ባልቲክ ባሕር ዳር ያለች አገር ናት። በደቡብ ላትቪያ፣ በምሥራቅ ሩሲያ ያዋስኗታል። ባሕሩን ወደ ሰሜን ከተሻገራችሁ ፊንላንድ ትደርሳላችሁ። ስፋቷ 45,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግማሹ ደን ነው። ደሴቶቿ ከ2,000 ይበልጣሉ። ተራራ ግን የላትም፤ ከሁሉ ከፍ የሚለው ኮረብታ 318 ሜትር ነው። ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ትንሽ ያልፋል። በኢስቶኒያኛ አፉን የፈታው ሰው ደግሞ አንድ ሚሊዮን አካባቢ ነው።

ይህን ቁጥር ያዙልኝ። አንድ ሚሊዮን።

ቋንቋቸው ከሩሲያኛም ከጀርመንኛም ጋር ዝምድና የለውም። የቅርብ ዘመዱ ፊንላንድኛ ነው፤ በሩቁ ደግሞ ከሃንጋሪኛ ጋር ይዛመዳል። «እሱ» እና «እሷ» ብሎ አይለይም፤ ለሁለቱም አንድ ቃል ነው ያለው። አንድ ስም እንደ አገባቡ 14 መልክ ይይዛል። ለተማሪ ፈተና ነው፣ ለሚወደው ግን ዜማ ነው።

ይህን ቋንቋ የሚናገረው ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት የራሱ ጌታ አልነበረም። ዴንማርኮች መጡ፣ ጀርመኖች መጡ፣ ስዊድኖች መጡ፣ ሩሲያ መጣች። መሬቱ የጀርመን ባላባቶች ነበር። ገበሬው ደግሞ የመሬቱ ንብረት ነበር። የገባርነት ቀንበር የተነሳለት በሰሜን በ1816፣ በደቡብ በ1819 ነው። በነዚያ ሁሉ ዘመናት ኢስቶኒያኛ የእርሻና የጓዳ ቋንቋ ተደርጎ ነበር የሚታየው።

ገበሬው ግን ማንም ያልወሰደበት ነገር ነበረው። «ሬጊላውል» ይሉታል። የጥንት ዘፈናቸው ነው። አንዲት ሴት ስንኙን ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበሏታል። አዎ፣ አውራጅና ተቀባይ! ስንኙ ቤት የሚመታው መጨረሻው ላይ አይደለም። በአንድ ስንኝ ውስጥ ያሉት ቃላት በተመሳሳይ ድምፅ ይጀምራሉ፤ ጆሮ የሚይዘው እሱን ነው። አጨዳ ላይ ይዘፈናል፣ ሠርግ ላይ ይዘፈናል፣ ልጅ ሲተኛ ይዘፈናል፣ መንደሩ መሃል በሚተከለው ትልቅ ዥዋዥዌ ላይ ይዘፈናል። ፊደል ማወቅ አያስፈልግም። የሚቀበል ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በ1888 ያኮብ ሁርት የሚባል የሉተራን ቄስ በጋዜጣ ጥሪ አቀረበ። በየመንደራችሁ ያሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የሚያውቁትን ዘፈን፣ ተረትና እንቆቅልሽ ጽፋችሁ ላኩልኝ አለ። ገንዘብ አልከፈለም። ወደ 1,400 ሰዎች መለሱለት። የመንደር አስተማሪዎች ነበሩ፣ ገበሬዎች ነበሩ፣ ገና ጽሕፈት የለመዱ ወጣቶች ነበሩ። የተሰበሰበው ከ110,000 ገጽ በላይ ሆነ። ዛሬም ታርቱ ከተማ ውስጥ በክብር ተቀምጧል። እኔ ይህን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። አያቱ አጠገብ በኩራዝ ብርሃን ተቀምጦ «ቆይ፣ እሱን ድገሚልኝ» የሚል ልጅ።

ከሁርት ጥሪ በፊት ሌላ ትልቅ ነገር ተጀምሮ ነበር። በ1869 ዮሃን ቮልደማር ያንሰን የተባለ የጋዜጣ ሰው ታርቱ ላይ የመጀመሪያውን የመዝሙር በዓል አዘጋጀ። ገበሬው ነፃ የወጣበትን 50ኛ ዓመት ለማክበር ነበር። ከ800 በላይ ሰዎች ተሳተፉ፣ ሁሉም ወንዶች። ከተዘመሩት ግጥሞች የያንሰን ልጅ የሊዲያ ኮይዱላ ግጥሞች ይገኙበታል። ሴት መድረክ ላይ ባልቆመችበት ቀን የሴት ግጥም ተዘመረ ማለት ነው።

ያ በዓል እስከዛሬ አለ። ዋና ከተማዋ ታሊን ውስጥ በየአምስት ዓመቱ ይካሄዳል። ትልቅ ቅስት ያለው መድረክ አለ፣ ፊቱ ሣር የለበሰ ተዳፋት ነው። መድረኩ ላይ በአንድ ጊዜ ከ20,000 በላይ ሰው ቆሞ ይዘምራል። ዘፋኝ የሚሉት ኮከብ አይደለም። ነርስ ነው፣ ሾፌር ነው፣ ተማሪ ነው። በላትቪያና በሊትዌኒያም ተመሳሳይ በዓል አለ፤ ዩኔስኮ የሦስቱንም አገር አንድ ላይ መዝግቦታል።

አሁን ወደ ክፉው ዘመን ልግባ። ኢስቶኒያ የካቲት 24 ቀን 1918 ነፃነቷን አወጀች። በ1940 የሶቪየት ጦር ያዛት። ቀጥሎ ናዚዎች ገቡ፣ ከዚያ ሶቪየቶች ተመለሱ። በመጋቢት 1949 በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰዎች በባቡር ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። አንድ ሚሊዮን ያልኳችሁን አስታውሱ። ከእንዲህ ያለ ሕዝብ 20,000 ሲወሰድ ያልተነካ ቤት የለም።

የመዝሙር በዓሉ ግን አልተቋረጠም። ስለ ሌኒን መዘመር ግዴታ ሆነ፤ ዘመሩ። ከዚያ በ1960 በዓል ሕዝቡ ማንም ሳያዘው ሌላ መዝሙር አነሳ። ግጥሙ የኮይዱላ ነው፣ ዜማውን የሠራው ጉስታቭ ኤርኔሳክስ ነው። «አገሬ ፍቅሬ ናት» ይላል። መንግሥት ብሔራዊ መዝሙራቸውን ከልክሎ ነበር፤ እነሱም ይህን በቦታው ተኩት። ማንን ያስራሉ? አውራጁ አይታወቅም። ሁሉም ተቀባይ ነው።

በ1988 በጋ በዚያው ሜዳ ሌሊት ሌሊት ሰው እየተሰበሰበ ይዘፍን ጀመር። መስከረም 11 ቀን የመጣው ሕዝብ 300,000 እንደሚደርስ ይገመታል። ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው! በነሐሴ 23 ቀን 1989 ደግሞ ከታሊን፣ በላትቪያ ዋና ከተማ ሪጋ በኩል፣ እስከ ሊትዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ቆመ። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሰው ሰንሰለት! ነሐሴ 20 ቀን 1991 ኢስቶኒያ ነፃነቷን መለሰች። በአገሪቱ ሰው አልሞተም። «የዘፈን አብዮት» የሚሉት ይህንን ነው።

ከትልቁ መድረክ ወጣ ብለን ወደ መንደር እንሂድ። በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ሴቶ የሚባሉ ሰዎች አሉ። ሌላው ኢስቶኒያዊ በልማድ ሉተራን ሲሆን፣ እነሱ ኦርቶዶክስ ናቸው። ሴቶቻቸው ደረታቸው ላይ ትልቅ የብር ጌጥ ያደርጋሉ። አውራጇ ስንኙን እዚያው፣ በቆመችበት ትፈጥራለች። ተቀባዮቹ ሲነሱ አንዲት ቀጭን ድምፅ ከሁሉም በላይ ትወጣለች። ይህንን ያልሰማ ሰው ስለ ኢስቶኒያ ገና አልሰማም እላለሁ።

ኪህኑ የምትባል ትንሽ ደሴትም አለች። ወንዶቹ ባሕር ላይ ስለሚከርሙ ደሴቷን ይዘው የኖሩት ሴቶቹ ናቸው። እርሻው፣ ልጁ፣ ዘፈኑ፣ ሽመናው በእነሱ እጅ ነበር። ባለ መስመር የሱፍ ጉርዳቸው ይናገራል። ቀይ የበዛበት የደስታ ነው። ሐዘን የደረሰባት ጥቁር ትለብሳለች። ቀኑ እየራቀ ሲሄድ ቀዩ መስመር ቀስ በቀስ ይመለሳል። ጎረቤት ቀሚሷን አይቶ ልቧ የት እንደደረሰ ያውቃል።

ቮሮማ በሚባለው የደቡብ ምሥራቅ አካባቢ ደግሞ የጭስ ሳውና አለ፤ ሳውና የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት ነው። ጭስ ማውጫ የለውም። ድንጋዩ ለሰዓታት ይግላል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ከዚያ ይገባል። ድሮ ልጅ የሚወለደው እዚያ ነበር፤ የሞተም የሚታጠበው እዚያ ነበር። ከድንጋዩ የሚነሳውን እንፋሎት «ሌይል» ይሉታል። የዚህ ቃል የሃንጋሪኛ ዘመድ ትርጉሙ «ነፍስ» ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ታልጉድ» የሚሉት ሥራ አላቸው። ደቦ ነው፣ ሌላ ትርጉም አልፈልግለትም። ግንቦት 3 ቀን 2008 ወደ 50,000 ሰዎች ወጥተው በየጫካው የተጣለውን ቆሻሻ በአንድ ቀን ለቀሙ፤ ወደ 10,000 ቶን። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚደረገው የዓለም የጽዳት ቀን ከዚያ ደቦ የተወለደ ነው።

እንግዲህ ገበታው ቀርቧል። ራይ ከሚባል እህል፣ በእርሾ የተጋገረ ጥቁር ዳቦ ታገኛላችሁ። ኢስቶኒያዊ ከአገሩ ሲርቅ መጀመሪያ የሚናፍቀው እሱን ነው። በድሮው ልማዳቸው ቁራሽ መሬት ከወደቀ አንስተው ይስሙታል። እኛም ከእናቶቻችን የምናውቀው ነው። የሚበላ ሰው ሲያዩ ደግሞ «ያትኩ ሌይባ» ይላሉ፤ ዳቦ አይጉደልባችሁ ማለት ነው። እኔ ላውርድ፣ እናንተ ተቀበሉኝና እንነሳ።

ያትኩ ሌይባ!