መነጽሩ መጣ፣ ሐኪሙ ሄደ

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! አቦሉ ተቀድቷል፤ የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው ስለሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ስለ ሜዲኬር፣ የማወራውን በረካው ሳይደርስ ልጨርስ።

የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴ ደወለችልኝ። «መነጽር በነጻ፣ ጥርስ በነጻ የሚሰጥ ኢንሹራንስ አገኘሁ» አለችኝ። ፈርማ ጨርሳለች። ጃንዋሪ ላይ ለስኳሯ ክትትል ስትሄድ፣ በር ላይ ያለችው ልጅ ካርዱን ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይሄንን አንቀበልም» አለቻት። አሥር ዓመት ያከማት፣ በአማርኛ የሚያዋራት ሐኪም ነው። መነጽሩ መጣ፣ ሐኪሙ ሄደ። ደግነቱ እንደ እሷ አድቫንቴጅ የሚባለውን ፕላን የያዘ ሰው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 አንድ ጊዜ መቀየር ይችላል፤ ቀየርንላት። መነጽሩን አሁንም ታደርገዋለች።

አድቫንቴጅ ማለት የግል ኩባንያ የሚያስተዳድረው ሜዲኬር ነው። ቴሌቪዥኑ ቀን ከሌት የሚለፍፍልን እሱን ነው። «ዜሮ ፕሪሚየም»፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ሲሏችሁም የፓርት ቢ፣ ማለትም የሐኪም ሂሳብ የሚከፍለው የሜዲኬር ክፍል፣ ክፍያ አይቀርም፤ ከሶሻል ሴኪዩሪቲ ጡረታችሁ ላይ ይቆረጣል።

አድቫንቴጅ ዓይነት ዓይነት አለው። ኤችኤምኦ የሚባለው ዓይነት ኩባንያው ከተዋዋላቸው ሐኪሞች ጋር ያስራችኋል። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ከእነሱ ውጭ ከታከማችሁ ብዙውን ጊዜ ሙሉው ከኪሳችሁ ነው። የልብ ሐኪም ዘንድ ለመሄድም አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ ሐኪማችሁ የመላኪያ ወረቀት (ሪፈራል) ያስፈልጋል። ፒፒኦ የሚባለው ዓይነት ላላ ይላል። ሪፈራል አይጠይቅም፤ ከተዋዋላቸው ሐኪሞች (ከኔትወርክ) ውጭም ይከፍላል፣ ግን የእናንተ ድርሻ ይጨምራል። መንግሥት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጠው ሜዲኬይድም ያላችሁ ደግሞ ኤስኤንፒ የሚባል ለእናንተ የተዘጋጀ ፕላን አለ፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ።

ኤችኤምኦን አትናቁት። ሐኪሞቻችሁ በሙሉ ውስጡ ካሉና ከሰፈር የማትርቁ ከሆነ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ልጆቹ በሦስት ስቴት ተበትነው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር ለሚከርም ሰው ግን ፒፒኦው ይሻለዋል።

አሁን አገር ቤት የምትመላለሱ ስሙኝ። መንግሥት ራሱ የሚያስተዳድረው መደበኛው ሜዲኬር አዲስ አበባ ላይ አይሠራም ማለት ይቻላል። አንዳንድ አድቫንቴጅ ውጭ አገር ለድንገተኛ ሕክምና ይከፍላል፤ በጽሑፍ አሳዩኝ በሉ። ደግሞም ከፕላኑ አካባቢ ከስድስት ወር በላይ ከራቃችሁ ያስወጣችኋል። አንዳንዱ ብቻ እስከ ዓመት ይታገሣል። ለገና ብሎ ሄዶ፣ ፋሲካን ሳላይ፣ ከዚያ የእገሌን ልጅ ሰርግ ሳላይ እያለ የሚቆይ እዚህ የለም እንዳትሉኝ!

ገና 65 የሚሞላችሁ ደግሞ አትቸኩሉ። መደበኛው ሜዲኬር ከሐኪም ሂሳብ 20 በመቶውን ለእናንተ ይተዋል። ያንን የሚሸፍን ሜዲጋፕ የሚባል ተጨማሪ ኢንሹራንስ አለ። ፓርት ቢ ከጀመረላችሁ በኋላ ባሉት ስድስት ወራት «ሕመም አለባችሁ» ብለው ሊከለክሏችሁ አይችሉም። አድቫንቴጅ ውስጥ ዓመታት ቆይታችሁ ወደ መደበኛው ስትመለሱ ግን በብዙ ስቴት የሜዲጋፕ ኩባንያዎች እምቢ ሊሉ ይችላሉ። መግባቱ ቀላል ነው፤ መውጫው ይጠባል።

ሳትጠሩት በር የሚያንኳኳ የኢንሹራንስ ወኪል ከመጣ አታስገቡት፤ ሕጉ ይከለክለዋል። ሻይ ልታፈሉለት እንደምትነሡ አውቃለሁ።

ክሊኒክ ስትደውሉ «ሜዲኬር ትቀበላላችሁ?» አትበሉ። «አዎ» ይሏችኋል፤ እናቴንም ብለዋት ነበር። የፕላኑን ሙሉ ስም አንብቡላቸው፣ «ለሚቀጥለውም ዓመት ትቀበሉታላችሁ?» በሏቸው። የሜዲኬር መደወያው 1-800-633-4227 ነው፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነጻ ነው።

የሚቀጥለው ዓመት የፕላን ምርጫ ዲሴምበር 7 ይዘጋል። በመስኮቱ በኩል ጠረጴዛ ዘርግተናል። መድኃኒታችሁን ከነፌስታሉ አምጡት፤ ስሙን እያነበብን ፕላኑ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አብረን እናያለን። እናቴም እዚያው ናት፤ መነጽሯን አድርጋለች።