ሆረር በትረካ አይታይም

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ድሬ ያላችሁም፣ ከድሬ ርቃችሁ በናፍቆት የምትሰሙኝም። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ፋኑንም ድምፁ ማይኩ ውስጥ እንዳይገባ አጥፍቼዋለሁ እና በዚህ ሙቀት ያለ ፋን ማውራት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሰሞኑን ስላየናቸው ፊልሞች ላወራ ነው፣ ከዛ እኛ ግቢ ቅዳሜ ማታ ስላሰብነው የሆረር፣ የአስፈሪ ፊልሞች ማለቴ ነው፣ ማራቶን። ግን መጀመሪያ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ፣ እሱን ልበለው።

ሰዉ ፊልም ማየት እየተወ ነው። ትረካውን ነው የሚያየው። "ያንን ፊልም አይተኸዋል?" ስትሉት "አዎ አይቼዋለሁ" ይላችኋል፣ ትንሽ ስታወሩት ለካ ዩቲዩብ ላይ ወይ ቲክቶክ ላይ በአማርኛ ሲተረክ ነው የሰማው፣ የሁለት ሰዓቱ ፊልም በሩብ ሰዓት አልቆ። አቦ እኔ ተራኪዎቹን አልጠላም፣ ወላሂ። እንግሊዝኛ ለማይሰማ ሰው፣ ሰብታይትል እየተከተለ ማንበብ ለሚከብደው ሰው ትልቅ ነገር ነው የሰሩት፣ እናቴ ራሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነው የምትሰማቸው። አክሽን ይተረክ፣ የፍቅር ፊልም ይተረክ። ሆረር ግን አይሆንም። ሆረር ሲተረክ ታሪኩ ይተርፋል እንጂ ፊልሙ አይተርፍም።

ለምን መሰላችሁ። ተራኪው "ሴትየዋ ድምፅ ሰምታ ወደ ምድር ቤት ወረደች፣ እዛም ጭራቁ አገኛት" ይላል። በቃ፣ አለቀ። ፊልሙ ላይ ግን ያቺ ሴት በሩን ለመክፈት ብቻ ስንት ጊዜ ታመነታለች፣ ማብሪያውን ትጫናለች አይበራም፣ አንድ ደረጃ ትወርዳለች፣ ትቆማለች፣ እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እንቆማለን፣ ጭራቁ ገና ሳይመጣ እኛ አልቀናል። ፊልሙ እኮ እሱ ነው! መጠበቁ ነው። ጭራቁ ሲመጣማ ግማሹ ፍርሃት ይወጣላችኋል፣ አያችሁት፣ ጭምብል ይሁን የኮምፒውተር ስራ ታወቀ።

ስፒልበርግ «ጆውስ»ን ሲሰራ፣ በ1975 የወጣውን የሻርክ ፊልም ማለቴ ነው፣ የተሰራለት ሜካኒካል ሻርክ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ሲገባ እየተበላሸ መከራውን አሳየው፣ እና ሻርኩን እንደልቡ ማሳየት ስላልቻለ ውሃውን አሳየን፣ በርሜሉን አሳየን፣ የሙዚቃ ደራሲውን የጆን ዊሊያምስን ሁለት ኖታ አሰማን። ሻርኩ በደንብ የሚታየው ፊልሙ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ዛሬ ድረስ ሰው ያንን ፊልም አይቶ ባህር ለመግባት የሚፈራው ባላየው ነገር ነው። ሂችኮክ ደግሞ በ1960 የሰራው «ሳይኮ» ሲወጣ ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ማንም ሰው ወደ አዳራሹ እንዳይገባ አስከለከለ። በዛን ጊዜ አሜሪካ ሰው በፈለገው ሰዓት መሃል ላይ ገብቶ ይቀመጥ ነበር፣ ያመለጠውን በሚቀጥለው ዙር ያየዋል። ሰውየው አይሆንም አለ። ምክንያቱን አልነግራችሁም፣ ያላያችሁት ትኖራላችሁ፣ ብቻ ካያችሁት በኋላ ልክ ነበር ትላላችሁ።

እሺ፣ ወደ ሰሞኑ ልምጣ። «ኤ ኳየት ፕሌስ»ን በድጋሚ አየነው፣ በ2018 የወጣውን፣ የመጀመሪያውን። ድምፅ ሰምተው የሚያድኑ ፍጥረቶች አሉ፣ ቤተሰቡ በባዶ እግሩ አሸዋ ላይ እየተራመደ በምልክት ቋንቋ ነው የሚያወራው፣ ልጅቷን ሆና የምትሰራዋ ሚሊሰንት ሲሞንድስ በእውነትም መስማት የተሳናት ናት፣ ያ ነገር ፊልሙ ላይ በደንብ ያስታውቃል፣ ፊቷን ብቻ አይታችሁ ዓረፍተ ነገሩ ይገባችኋል። እና አንድ ቦታ አለ፣ ደረጃው ላይ ሚስማር ጫፉ ወደ ላይ ቆሞ ቀርቷል። እኛ አይተነዋል። እነሱ አላዩትም። ከዛ በኋላ ሰው ያን ደረጃ በወጣና በወረደ ቁጥር እኛ እግር እግሩን ነው የምናየው። አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ሳምቡሳ ጎርሶ ነበር፣ ማኘክ አቆመ። በቃ አፉ ውስጥ እንዳለ ያዘው። ድምፅ እንዳያሰማ ፈርቶ! ሰማያዊ በር ያለው የጎረቤት ቤት ልጆችም መጥተው ነበር፣ በሌላ ቀን ቁጭ በሉ ብትሏቸው የማይሰሙ፣ አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም፣ ሜዳው ጋ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ ሁላችንም አብረን ዘለልን። አሁን ይሄን በየትኛው ትረካ ታገኙታላችሁ? ተራኪው ራሱ እያወራ እኮ ነው፣ ዝም ማለት ያለበት ፊልም ላይ።

ስለ ድምፅ ካነሳሁ አይቀር የአክስቴን ነገር ልናገር፣ ፈቅዳልኛለች። አክስቴ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነበረች በኛ አቆጣጠር በ1998 ክረምት፣ ያ ጎርፍ ሌሊት የመጣ ጊዜ። ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። የማታውቁት ካላችሁ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል፣ ውሃው የሚመጣው ከላይ ከደጋው ሲዘንብ ነው፣ ከተማው ላይ ጠብ ሳይልም ሊመጣ ይችላል። አክስቴ ስታወራው ያየችውን አይደለም መጀመሪያ የምትነግራችሁ፣ የሰማችውን ነው። መኪና መስሏት ነበር፣ ብዙ መኪና፣ ግን መኪናው አያልፍም፣ እየቀረበ ብቻ ይመጣል። እስከዛሬ ሌሊት ሲያጉረመርም ተነስታ ትቀመጣለች። ይሄን ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም የማነሳው። ሆረር የሚሰራ ሰው ድምፅን ለምን እንደዛ እንደሚጠነቀቅበት የገባኝ ከሷ ነው፣ ዓይንህን ትጨፍናለህ፣ ጆሮህን ግን አትጨፍንም። እና የኛ ማራቶን ላይ የጎርፍ ፊልም፣ የሱናሚ ምናምን፣ አይገባም። እሷ ግቢ ውስጥ ናት፣ ተነጋግረን ጨርሰናል።

ሌላው «ትሬን ቱ ቡሳን» ነው፣ የኮሪያው፣ 2016። ይሄ ፊልም ድሬ ላይ የተለየ ነው የሚታየው፣ ማለቴ ባቡር እኮ ነው፣ ይቺ ከተማ በባቡር የተወለደች ናት፣ ሃዲዱ በፈረንጆቹ 1902 እዚህ ባይደርስ ከዚራ የሚባል ሰፈር አይኖርም ነበር። ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ሽምንደፈር፣ ምድር ባቡሩ ውስጥ፣ የሰሩ ናቸው፣ ድሬ አንቱታ እንደማይበዛ ታውቃላችሁ ግን እሳቸውን ሁላችንም አንቱ ነው የምንላቸው፣ ወንበር አውጥተን አስቀመጥናቸው። ዞምቢው፣ ሞቶ ተነስቶ ሰው የሚነክሰው፣ አልገረማቸውም። እሳቸው የሚያዩት በሩን ነው፣ ፉርጎ ከፉርጎ የሚያገናኘውን፣ "ሰራተኛው የት ሄዶ ነው ተሳፋሪ በሩን የሚይዘው" እያሉ ተናደዱ። እና እውነታቸውን ነው፣ ፊልሙ ያለው በሩ ላይ ነው። ዞምቢዎቹ በር መክፈት አይችሉም፣ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አያዩም፣ ስለዚህ ጨለማ በመጣ ቁጥር ትንሽ ትተነፍሳላችሁ፣ ሌላ ሆረር ላይ ጨለማ ሲመጣ ነው የምትፈሩት እዚህ ብርሃን ሲመጣ። እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ያሰበው! ከዛ ግን የሚያመው ዞምቢው አይደለም፣ በወዲያኛው ፉርጎ ያሉት ጤነኛ ሰዎች ናቸው፣ ሰው እየሮጠ ሲመጣ በሩን የሚይዙበት። ፊልሙ እዛ ጋ ሲደርስ ሽማግሌው ዝም አሉ። ያ ግዙፉ ሰውዬ ደግሞ፣ ነፍሰ ጡር ሚስት ያለችው፣ አቦ ወደድነው። መጨረሻውን አልናገርም።

«ሲነርስ»ንም አየን፣ የራያን ኩግለር የ2025። ማይክል ቢ ጆርዳን መንትያ ወንድማማቾች ሆኖ ሁለቱንም ይሰራል፣ ቦታው ሚሲሲፒ ነው፣ ዘመኑ 1932። ግማሻችን መጀመሪያው ረዘመ ብሎ ተነጫነጨ፣ ቫምፓየሩ፣ ደም መጣጩ፣ የታለ ምናምን። እኔ በፍፁም አልስማማም፣ ያ መጀመሪያው ባይኖር ሰዎቹን አንወዳቸውም፣ ካልወደድናቸው ደግሞ ቢነከሱ ምን አገባን። ግን በጣም የገባብኝ አንድ ህግ አለ፣ ቫምፓየሩ "ግባ" ካልተባለ መግባት አይችልም። በር ላይ ቆሞ በትህትና ይለምናል፣ ይዘፍናል፣ ይስቃል። እስኪ አስቡት እኛ ሀገር፣ በሩ ክፍት፣ ከደጅ ያለፈውን ሁሉ "ና ግባ፣ ሻይ ጠጣ" የምንልበት ቦታ! የምሬን ነው፣ እኛ አንድ ምሽት አንቆይም። ያን ማታ ከፊልሙ በኋላ ሰው ሲያንኳኳ የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ ስሙን ጠየቀችው።

እና ማራቶኑ። ቅዳሜ ማታ ነው፣ ግቢ ውስጥ፣ ቤት ውስጥማ በዚህ ሙቀት አይታሰብም። ግድግዳው ላይ አንሶላ እንወጥራለን፣ ፕሮጀክተር የሚያውሰን ሰው ተገኝቷል፣ ስፒከር አለን። አንሶላውን ከታችም ማሰር አለብን፣ ማታ ማታ ነፋስ ይነሳል፣ ባለፈው የሰዎቹ ፊት ሲወዛወዝ ነበር። መብራት ከጠፋ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ተሰብስበን በላፕቶፕ እንቀጥላለን፣ አናቋርጥም።

ቅደም ተከተሉን በደንብ አስቤበታለሁ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ባቡሩ፣ ምክንያቱም በዛ ሰዓት ሰፈሩ ገና አልተኛም፣ ባጃጁም አለ ልጁም አለ፣ ባቡሩ ደግሞ ጩኸት ይችላል። እሱ 4 ሰዓት አካባቢ ያልቃል፣ ሻይ፣ ሙሸበክ፣ ወሬ። 4 ተኩል ሲሆን ሰፈሩ ጸጥ ይላል፣ ያኔ «ኤ ኳየት ፕሌስ»፣ ላላዩት ሰዎች ስል ነው የምደግመው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የባቢሌ ለውዝ የምታመጡ ተፈልፍሎ ይምጣ፣ በዛ ፊልም ሰዓት ቅርፊት የሚሰብር ሰው እንዳላይ።

ከዛ ሌሊት 6 ተኩል ላይ የሚመጣው ነው ያጨቃጨቀን። «ዘ ኤግዞርሲስት»፣ ሰይጣን ስለያዛት ልጅ የሚያወራው። በ1973 የወጣ፣ በኦስካር ለምርጥ ፊልም የታጨ የመጀመሪያው ሆረር፣ ከወሰዳቸው ሁለት ሽልማቶች አንዱ ደግሞ የድምፅ ነው፣ ይሄን ስሰማ ደስ ነው ያለኝ። እኔ ይግባ ባይ ነኝ። ግን አንዷ ጓደኛችን "እንዲህ ያለ ነገር ግቢ ውስጥ አይከፈትም" አለች፣ ጸበል ቦታ ሰው ሲጮህ እያየች ያደገች ናት። ሌላኛው ጓደኛችን ደግሞ ቤታቸው ቁርአን ሲቀራ፣ ጅኑ ሲያናግር ነበርኩ ይላል። ለአሜሪካኖቹ ተረት ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ጋ ግን ከተቀመጥነው መሃል ግማሹ የሚያውቀው ሰው አለው። ይሄን ማቃለል አልፈልግም፣ ፊልም ነው እኮ ብሎ ሰው ላይ መሳቅም ልክ አይመስለኝም። «ኮንጁሪንግ»ን ያየን ጊዜ አንዷ ስታማትብ አንዱ አዑዙ ቢላህ ሲል ነበር፣ በአንድ ምንጣፍ ላይ፣ እና ሁለቱም እስከ መጨረሻው አይተውታል።

ለምን ይግባ እንደምል ግን ልንገራችሁ። ሰው ያን ፊልም የሚያውቀው የልጅቷ ጭንቅላት በሚዞርበት ቦታ ነው፣ እሱንም በቲክቶክ ቆርጠው ስላሳዩት። እኔን ግን የሚያስፈራኝ ከዛ በፊት ያለው ነው፣ ሆስፒታሉ። ልጅቷን አስተኝተው አንገቷ ላይ መርፌ ያስገባሉ፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ሐኪሞቹ ፎቶውን ያዩና ምንም የለም ይላሉ። እናትየው አንዱን ሐኪም ትታ ወደ ሌላው፣ ከዛም ወደ ሌላው፣ ቄስ ጋ የምትደርሰው ሁሉም ነገር ሲያልቅባት ነው። ያቺን እናት የማያውቅ ሰው አለ እዚህ ሀገር? በመጀመሪያ ሐኪም ቤት፣ ከዛ ጸበል፣ ከዛ ሼኩ ጋ፣ ዕቃ እየሸጠች፣ ልጇን ታቅፋ በሌሊት አውቶቡስ። ያ ፊልም ስለ ሰይጣን ነው ይሉታል፣ እኔ ስለዛች እናት ነው የማየው። ተራኪው ደግሞ "ሐኪሞች መፍትሄ ሲያጡ እናቷ ቄስ ጠራች" ብሎ ያልፋታል።

ስለዚህ የተስማማነው እንዲህ ነው፣ እሱ መጨረሻ ይሆናል፣ ማየት የማይፈልግ ከሱ በፊት ገብቶ ይተኛል፣ ማንም "ፈሪ" አይለውም፣ ድምፁም ዝቅ ይላል። ከሱብሂ አዛን በፊት ያልቃል፣ ሰዓቱን አስልቼዋለሁ።

ስልክ ኪስ ውስጥ። ፊልሙን ቀድሞ ያየ "አሁን እኮ" አይልም። የግቢው በር 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ከዛ በኋላ የመጣ እስከ ሻይ እረፍቱ ውጪ ይቆያል፣ ቤተሰብም ቢሆን። እና ረጅም ኤክስቴንሽን ያለው ሰው እባካችሁ በቴሌግራም ቮይስ ላኩልኝ፣ የኛ ከሶኬቱ እስከ ግድግዳው አይደርስም።