ከጭቃ የሚያወጣን የቱ ገመድ ነው?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ ያለሁት ጅማ ነው። ጫማዬን እዩልኝማ። (ካሜራው ወደ ታች) ይሄ ቀይ ጭቃ ከሰቃ አስፋልት ወጣ ብላ ወደ ቡና ማሳ ከምትገባ መንገድ የመጣ ነው። ክረምት ላይ ይሄ ጭቃ ሰው አይመርጥም። አዲስ ፒካፕም ይዞ ያስቀራል፣ አሮጌ ላንድክሩዘርም ይዞ ያስቀራል።

ስለዚህ የዛሬ ወሬያችን መጎተቻ ገመድ ነው። ገመድ! «ስለ ገመድ ደግሞ ምን ይወራል?» የምትሉ አላችሁ። ቆዩኝ።

እኔ ገመድን የማስረዳው በዕቁብ ነው። ጓደኞቼን አሰልችቻቸዋለሁ፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «60 ሺህ ብር አሁኑኑ ቁጭ አድርግ» ቢላችሁስ? ጉልበታችሁ ይከዳችኋል። ከየት ይመጣል? ያው 60 ሺህ ግን በዕቁብ ከሆነ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትጥላላችሁ፣ ሳይሰማችሁ ይሞላል። ብሩ ያው ብር ነው። የተለየው አከፋፈሉ ነው።

ሰንሰለት ያ «አሁኑኑ» ባዩ ሰውዬ ነው። አይለጠጥም። ጎታቿ መኪና ተንደርድራ ሰንሰለቱ ሲወጠር፣ ያ ሁሉ ኃይል በአንድ ቅጽበት ይወርዳል። ጓ! ወይ መንጠቆው ይሄዳል፣ ወይ ፓራውልቱ፣ ወይ ሰንሰለቱ ራሱ። የሚለጠጠው የናይለን ገመድ ግን ዕቁብ ነው። ጎታቿ ትሄዳለች፣ ገመዱ ይለጠጣል፤ ይሰበስባል፣ ይሰበስባል፣ ይሰበስባል... ከዛ ዕጣው ይወጣል። ለማን? ጭቃ ለያዛት መኪና! ሳብ ሲያደርጋት ተነቅላ ትመጣለች።

ዕቁብ ደግሞ ያለ ዋስ የለም፣ አይደል? የገመዱ ዋስ መኪናው ላይ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ዋሱ ከከዳ፣ የተሰበሰበው ሁሉ የት ይሄዳል? ፊታችሁ ላይ። እመለስበታለሁ። ዕቁብ ዙርም አለው። አንዴ ከሳባችሁ በኋላ ገመዱን ትንሽ አሳርፉት፤ ይሞቃል፣ ወደ ርዝመቱ ለመመለስም ጊዜ ይፈልጋል። ዕቁቡ ላይ ብዙ ቆየሁ አይደል? ባለቤቴም እንደዛ ትላለች።

በሉ የቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ። ክብ የሆነው፣ ድርብ ጉንጉኑ፣ ካይኔቲክ የሚሉት፣ እስከ 30 በመቶ ይለጠጣል። ጠፍጣፋው የናይለን ቺንጋ፣ ስናች ስትራፕ የሚባለው፣ ወደ 20 በመቶ። የፖሊስተሩ ቺንጋ እምብዛም አይለጠጥም፤ እሱ ሞተሯ እምቢ ያላትን መኪና አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ ለመጎተት ነው። ርዝመት 9 ሜትር ገደማ። የመበጠሻ አቅሙ ከሁለቱ መኪኖች የቀላሏን ክብደት፣ ከነጭነቷ፣ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይሁን። ተጭና 3 ቶን ለምትመዝን ላንድክሩዘር 8 ወይ 9 ቶን በሉ። «15 ቶኑን ልግዛና ልረፍ» እንዳትሉ። ለትንሽ ቪታራ 15 ቶን ገመድ አይለጠጥላትም። ካልተለጠጠ በውድ ዋጋ ሰንሰለት ገዛችሁ። ናይለን ሲርስ አቅሙ ትንሽ ይቀንሳል፣ እኛ ጋ ደግሞ ደረቅ ጭቃ የለም፤ ስለዚህ ወደ 9ኙ ጠጋ በሉ። አለቀ። ያልገባችሁ መልሳችሁ እዩት፣ ለኔም እይታ ነው!

አሁን ሰንሰለቱን ስናገር የተናደዳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ተመልካች «ወንድሜ፣ ብረት ነው እኮ! ክር ከብረት ሊበልጥ ነው?» ብሎ ጽፎልኛል። ከዛ ወዲህ በየቀኑ ይቺኑ ጥያቄ ነው የምታመጡልኝ። እሺ። ሰንሰለት ጠንካራ ነው፣ ማን ካደ? ግን ግትር ነው።

እኔም በሰንሰለት አስጎትቼ አውቃለሁ። የደረሰልኝ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። እግዜር ይስጠው፣ በቀናነት ነው ያደረገው። ሰንሰለቱን ላላ አድርጎ ጣለው፣ ተንደረደረ። አንዲት ቀለበት ተበጠሰች። አንዲት! ጫፉ ተወርውሮ በፊት መብራቴ በኩል ራዲያተሩን በሳው። ረዳቱ ትንሽ ቀደም ብሎ እዛው ቦታ ቆሞ ሲጋራ ይለኩስ ነበር። የራዲያተሩ ውሃ ጭቃው ላይ ሲንዠቀዠቅ ሁላችንም ዝም ብለን አየን። ሲጋራው እጁ ላይ አለቀ።

ትራክተር ካገኛችሁ፣ ሰንሰለቱ አስቀድሞ ተወጥሮ፣ ትራክተሩ በእግር እርምጃ የሚስብ ከሆነ ይሠራል። ተንደርድሮ ግን በጭራሽ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚመጣው ጉልበት 4 እጥፍ ነው። በሚለጠጠው ገመድም ቢሆን መጀመሪያ በዝግታ ነው፤ እምቢ ካለች ብቻ ትንሽ ጨመር። ከዛ በፊት ደግሞ አካፋ! ጎማው ፊት ያለውን ጭቃ ዛቁት። አካፋ ርካሽ ነው፣ ማንም ግን አያነሳውም።

ወደ ዋሱ ልመለስ። የተሳቢ ማያያዣዋን ኳስ አትንኩ። እሷ የተሠራችው ተሳቢ ለመሳብ ነው። ከተቆረጠች ገመዱ እንደ ወንጭፍ ይወረውራታል፤ በሌላ አገር ሰው ገድላለች። አንዳንድ መኪና ላይ ከፊት የምታዩዋት ቀጭን ቀለበትም መኪናው መርከብ ላይ ሲጫን የሚታሰርባት ብቻ ናት። ሻንሲው ላይ በወፍራም ብሎን የታሰረ መጎተቻ ፈልጉ። ገመዱ ካጠረ ሁለቱን አትቋጥሩ፤ ቋጠሮ የገመዱን ጉልበት ይበላል።

ግዢ። ጅማ መርካቶ ሄዳችሁ «ናይለን ገመድ» ስትሉ ያቺን ሰማያዊ ገመድ ያወጡላችኋል። ሻጩ አልዋሸም፣ ለሱ ሁሉም ናይለን ነው። ቁራጭ ለምኑት፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሏት። (ባልዲው ይታያል) አየሩ እንዲወጣ ጨመቅ ጨመቅ። ተንሳፈፈች? ፖሊፕሮፒሊን ናት። ፀሐይ ትጨርሳታለች። በሬ እሰሩባት። ናይለን ይሰምጣል። ፖሊስተርም ይሰምጣል፣ ስለዚህ ሰመጠ ብላችሁ ወዲያው ብር እንዳታወጡ፤ ቶኑ የተጻፈበት ጨርቅ ገመዱ ላይ ተሰፍቶ እዩ።

ስትጎትቱ እርጥብ ኬሻ ገመዱ መሀል ላይ ጣሉበት። ጅማ ላይ መቼም ኬሻ አይጠፋም። ከተበጠሰ ክብደቱ ወደ መሬት ይስበዋል። ሰውን ደግሞ አርቁ፤ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ፣ ለ9 ሜትር ገመድ ወደ 14 ሜትር። ከባዱ ሥራ እሱ ነው። እኛ ጋ መኪና ሲያዝ ሠርግ ነው። ልጆቹን ስታባርሩ አንድ አዛውንት ዱላቸውን ተደግፈው ገመዱ ላይ ይቆማሉ። «ኦቦ፣ እባክዎ ወዲህ ይበሉ» ስትሏቸው እንዴት እንደሚጎተት ያስተምሯችኋል።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ጫን። በሚቀጥለው ዊንች ነው፣ መኪናው ላይ ተገጥሞ ገመድ እየጠቀለለ የሚስበው።

አዎ፣ ረስቼው! ከጨረሳችሁ ገመዱን እጠቡት። ጭቃው ውስጥ ያለው አሸዋ ክሩን ከውስጥ እየፈገፈገ ይቆርጠዋል። በንጹህ ውሃ፣ ከዛ ጥላ ላይ ማስጣት። እንደ ቡና ፀሐይ ላይ አይሰጣም። እኔ የትናንቱን በእናቴ ሳፋ ነው ያጠብኩት። አሁን ሳፋ ልገዛ እየሄድኩ ነው። ቻው!