መስመሩን ያሰመርኩት እኔ ነኝ

እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ፒያሳ ቤቴ ሆኜ ነው የምቀዳው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ።

ስለ አንድ ቁጥር ላወራችሁ ነው። 1.618። ወርቃማው ጥምርታ የሚባለው። ይህን ቁጥር ከልቤ እወደዋለሁ። ብዙ ገንዘብም አሳጥቶኛል። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

ትናንት ከአራት ኪሎ በእግሬ ስመጣ አንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን ባንዲራ ቆሜ አየሁት። መሃሉ ላይ ያለውን ኮከብ። አምስት ቀጥ ያሉ መስመሮች ተቆራርጠው ነው የሚሠሩት። አንዱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሰዱ። ሌላው መስመር ሲያቋርጠው ረጅምና አጭር አድርጎ ይከፍለዋል። ሙሉውን ለረጅሙ ብታካፍሉት 1.618 ይመጣል። ረጅሙን ለአጭሩ ብታካፍሉትም ያው 1.618። ኮከቡ ቢያንስም ቢተልቅም ለውጥ የለውም። ዩክሊድ ይህን አከፋፈል ከጻፈው 2,300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ልጆች ሆነን እስክሪብቶ ሳናነሳ ደብተር ላይ የምንስለው ኮከብ እኮ ነው! ቁጥሩ ያን ጊዜም እጃችን ላይ ነበር።

ፊቦናቺ ደግሞ በ1202 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ስለ ጥንቸሎች መራባት አንድ ጥያቄ አነሳ። መልሱ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ 21፣ 34፣ 55 እያለ ይሄዳል። የሕንድ ሊቃውንት የግጥም ምጣኔ ሲቆጥሩ ከእሱ በፊት ደርሰውበታል፣ ይህ ሁሌ ይገርመኛል። 34ን ለ55 አካፍሉ፣ 0.618። 21ን ለ55 አካፍሉ፣ 0.382። የዋጋን መውጣትና መውረድ የሚያሳይ ቻርት ላይ የምታዩዋቸው 61.8 እና 38.2 በመቶ እነዚህ ናቸው። ዋጋ ከወጣ በኋላ የወጣውን ይህን ያህል በመቶ ሲመለስ ይዞራል ተብሎ መስመር ይሰመርበታል። ወደ ገበያ ካስገቧቸው ሰዎች ዋናው ራልፍ ኔልሰን ኤሊየት የሚባል አሜሪካዊ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፣ በ1930ዎቹ።

እኔ ጋ የደረሱት በአንድ ጓደኛዬ ስልክ ነው። ማኪያቶ እየጠጣን ዩሮ በዶላር የሚመነዘርበትን ቻርት አሳየኝ። ዋጋው ወጥቷል፣ ከዚያ ወርዷል፣ 61.8 ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ተመልሷል። ያ ኮከብ፣ ያ ጥንቸል፣ አሁን ደግሞ ዶላር። ፍጥረት ሁሉ በአንድ ሕግ የሚሄድ መሰለኝ። በዚያው ሳምንት የውጭ ምንዛሪ መነገጃ አካውንት ከፈትኩ።

አንድ ሌሊት ዋጋው 61.8 ላይ ደረሰ፣ ገዛሁ። ሰብሮት ወረደ። ችግር የለም፣ ቀጣዩ መስመር 78.6 አለ አልኩ። እሱንም ሰበረው። ይሄኔ ምን አደረግኩ? የመስመሩን መነሻ ቀየርኩት። ራቅ ካለ ዝቅተኛ ዋጋ ጀምሬ እንደገና አሰመርኩ። አዲሱ 61.8 ዋጋው ያለበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። ልቤ አረፈ፣ ስቶፕ ሎሴን፣ ማለትም ኪሳራው ሲበዛ በራሱ የሚያስወጣኝን ትእዛዝ፣ አነሳሁት። ሌቨሬጄ አንድ ለመቶ ነበር፣ በአንድ ዶላር የመቶ ዶላር ንግድ መያዝ ማለት ነው። በዚህ ልክ ሙሉ በሙሉ ከገባችሁ ዋጋው አንድ በመቶ ብቻ ሲሄድባችሁ ገንዘቡ አለቀ ማለት ነው። ሳይነጋ አለቀ። የወራት ቁጠባዬ ነበር። ለቤተሰብ ለመናገር ሳምንት ፈጀብኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀት ላይ የቆጠርኩት። ዋጋ ከ100 ብር ወደ 200 ወጣ እንበል። ሲመለስ የ23.6፣ የ38.2፣ የ50፣ የ61.8 እና የ78.6 በመቶ መስመሮቹ በቅደም ተከተል 176.40፣ 161.80፣ 150፣ 138.20 እና 121.40 ላይ ይውላሉ። 50 በመቶው እንኳ ከፊቦናቺ የመጣ አይደለም፣ ግን ሁሉም ሰው ያስገባዋል። አሁን ዋጋው ከመስመሩ ሦስት ብር ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ቢዞር «መስመሩን አከበረ» እንላለን አይደል? እያንዳንዱ መስመር ስድስት ብር ያዘ። አምስቱ ሲደመሩ 30 ብር። ከመቶው ብር 30ው! ዋጋው እንዲሁ በዘፈቀደ ቢዞር እንኳ ከሦስት አንድ ጊዜ ገደማ «ሠራ» ልንል ነው። መነሻውን መቀያየር ሲጨመርበት ደግሞ የማይያዝ ቦታ አይቀርም።

በ2006 እ.ኤ.አ. ባችለርና ራምያር የሚባሉ ሁለት የለንደን ተመራማሪዎች ዳው ጆንስ የሚባለውን የአሜሪካ አክሲዮኖች መለኪያ የዋጋ ታሪክ በዚህ ዓይን መርምረው ነበር። ዋጋው እነዚህን ጥምርታዎች መርጦ እንደሚዞር ማስረጃ አላገኙም። «ሁሉም ስለሚያየው ይሠራል» የሚሉኝ አሉ። ጥቂት እውነት ይኖረዋል። ግን ሁሉም ከአንድ መነሻ አያሰምርም። እኔ ራሴ በአንድ ሌሊት ከሁለት መነሻ አሰምሬያለሁ።

ኮከቡ ላይ ጥምርታው ግዴታ ነው። መስመሮቹ ራሳቸው ይወልዱታል። ገበያ ውስጥ ግን የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ነው ያለው፣ የሚፈራ፣ ብድር ያለበት፣ ዜና የሰማ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይመራ ሲባል እኛ አገር የዶላር ዋጋ የተወረወረው በፖሊሲ ነው። የትኛውም የፊቦናቺ መስመር ያን አይነግራችሁም።

ዛሬም መስመሩን አሰምራለሁ፣ አልዋሽም። ግን አንዴ ብቻ። ከመግባቴ በፊት። እዚህ ከሰበረ ይህን ያህል ከስሬ እወጣለሁ ብዬ ብሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከገባሁ በኋላ መነሻውን አልነካም።

ይህን ሁሉ ያስነሳኝ የእህቴ ልጅ ነው። በ2017 የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ከተከፈተ ወዲህ የአክሲዮን ነገር እንቅልፍ ነስቶታል። እሁድ መጥቶ «ጋሼ፣ ፊቦናቺ አስተምረኝ» አለኝ። የእኛ ገበያ ገና ልጅ ነው፣ ለመስመር የሚሆን ታሪክ የለውም፣ መጀመሪያ የኩባንያውን ሂሳብ ማንበብ ልመድ አልኩት። አልተዋጠለትም። እሺ ብዬ የድሮ የዩሮ ቻርት አትሜ ሰጠሁት። የቀኙን ግማሽ በወረቀት ሸፍን፣ መስመርህን አስምር፣ የት እንደሚዞር ጻፍ፣ ከዚያ ግለጠው። የሳተውንም ያገኘውንም መዝግብ፣ ምንም አትሰርዝ አልኩት።

ዛሬ ማታ ደወለልኝ። ሃያኛው ቻርት ላይ ደርሷል። «ጋሼ፣ መነሻውን ትንሽ ባንቀሳቅሰው እኮ ልክ ይመጣል» አለኝ።




ነገ ከሥራ በኋላ ቤታቸው እሄዳለሁ። ደብተሬን ይዤ፣ ያቺ ሌሊት ያለችበትን ገጽ ላሳየው።