ሆድ የክፍያ ማስታወቂያ አይልክም

እንደምን ከረማችሁ! የዛሬው ጉዳያችን የኮሌጅ ተማሪዎች ረሃብ ነው። ቁጥር ከመጥራቴ በፊት ግን አንድ ብርድ ልብስ ልዘርጋላችሁ። አዎ፣ ብርድ ልብስ።

አጭር ብርድ ልብስ ለብሳችሁ ታውቃላችሁ? ወደ ላይ ስትስቡት እግር ይራቆታል፤ ወደ ታች ስትመልሱት ደረት ይበርደዋል። ጉልበታችሁን ታጥፋላችሁ፣ እንደ ድመት ትጠቀለላላችሁ። ሌሊቱ በመጎተት ያልፋል፤ ብርድ ልብሱ ግን አንድ ጣት አይረዝምም። የተማሪ ገንዘብ ይኸው ነው። ለትምህርት ክፍያ ቀን ተቆርጧል፤ ካልተከፈለ ምዝገባ የለም። ለቤት ኪራይም ቀን ተቆርጧል፤ ካልተከፈለ አከራይ በር ያንኳኳል። ምግብስ? ሆድ የክፍያ ማስታወቂያ አይልክም። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚገለጠው እሱ ነው። ቻናሉን ያልተቀላቀላችሁ ተቀላቀሉ፤ ብርድ ልብስ ግን አላድልም።

አሁን ቶሎ ቶሎ ልበል። የምግብ ዋስትና ማጣት፣ ማለትም በገንዘብ እጦት በቂ ምግብ አለማግኘት፣ የሚለካው በጥያቄ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለአዋቂዎች 10 ጥያቄዎች አሉት፤ «ገንዘብ አጥተህ ምግብ ቀንሰሃል ወይስ ዘለሃል?» ዓይነት። ለ3 እና ከዚያ በላይ «አዎ» ያለ የምግብ ዋስትና የለውም፤ 6 ከደረሰ የከፋው ደረጃ ነው። የአገሪቱ ምክር ቤት የኦዲት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2020 ከኮሌጅ ተማሪዎች 23 በመቶው፣ ማለትም 3.8 ሚሊዮን ያህሉ፣ ዋስትና አልነበራቸውም። አለቀ፤ ተንፍሱ።

ባለፈው ጊዜ ብዙዎቻችሁ «ስልክ የያዘ ተማሪ እንዴት ይራባል?» አላችሁኝ። እስቲ ይሽጠው። ስንት ቀን ይበላበታል? ከዚያስ የቤት ሥራውን በምን ያስገባል? የትርፍ ሰዓት ሥራ ሲገኝ በምን ይጠሩታል? ስልኩ የተገዛው የዛሬ ሁለት ዓመት ይሆናል፤ ረሃቡ የዚህ ሐሙስ ነው። ጓደኞቹ ለምሳ ሲነሱ «በልቻለሁ» ይላል። የውኃ ጠርሙሱን ይሞላል፣ መጽሐፉን ይገልጣል፣ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ ያነባል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እናንተም ያያችሁት ስልኩን ብቻ ነው!

«ታዲያ ለምን አይሠራም?» ብላችኋል ደግሞ። በአሜሪካ የመንግሥት የምግብ ድጎማ ለማግኘት ተማሪ በጥቅሉ በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ወይም ሌላ ልዩ ምክንያት ማቅረብ አለበት። ለመብላት ሥራ፣ ለመሥራት ከክፍል መቅረት፤ ብርድ ልብሱ እንደገና መጣ አይደል? ከተራቡትና መስፈርቱን ያሟላሉ ከተባሉት መካከል 59 በመቶው ድጎማውን እንዳላገኙ ያው ሪፖርት ይናገራል።

የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1993 የራሳቸውን የምግብ ባንክ፣ ማለትም ለተቸገረ ተማሪ ምግብ በነፃ የሚሰጥበት ቦታ፣ አቋቁመዋል፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ግቢዎችም ተበራክቷል። እኔን ቢያማክሩኝ ግን እንዲህ ያለውን ባንክ ከምድር ቤት ኮሪደር መጨረሻ ሳይሆን ከቤተ መጻሕፍቱ በር ጎን አደርገው ነበር። ቦርሳ ያዘለ ሰው ለመጽሐፍ ይግባ ለዳቦ ማን ያውቅበታል?