ላም በር

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ወሬዬም ስለ ቦታ ስም ነው።

ባለፈው ከግላስጎው ተነስቼ ወደ ስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ሄጄ ነበር። አፕልክሮስ ወደሚባል የገጠር አጥቢያ። በእንግሊዝኛ ስትሰሙት "ፖም" እና "መስቀል" ነው አይደል? እኔም የፖም ዛፍ ስፈልግ ነበር፣ ሞኝ። ስሙ ጆሮ ያበላሸው ነገር ነው። ድሮ "አበር ክሮሳን" ነበር፣ የክሮሳን ወንዝ ባሕር የሚገባበት ማለት። አበርዲን ላይ ያለችው "አበር"ም እሷው ናት።

የስኮትላንድን የድሮ ቋንቋ፣ ጌሊክን፣ የሚናገሩት ግን "አ ኾምሪኽ" ነው የሚሉት። መማጸኛው! መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የመማጸኛ ከተሞች የሚባሉት አሉ አይደል፣ ደም ያለበት ሰው ሮጦ የሚገባባቸው? እንደዚያ። በፈረንጆቹ 673 ማልሩባ የሚባል የአየርላንድ መነኩሴ እዚህ ገዳም መሠረተ። ዙሪያውን 6 ማይል፣ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ውስጥ የገባ አይነካም ነበር ይባላል። ገዳሙ ዛሬ የለም። ስሙ አለ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ስሞች ቀለል ያሉ ናቸው። ሎንባን ነጣ ያለ መስክ ነው፤ ነጭ ሣር በሉት። ሺልዴግ ደግሞ ጌሊክም አይደለም፣ ቫይኪንጎቹ የተዉት ነው። የሄሪንግ ዓሣ ባሕረ ሰላጤ። በጀልባ የመጣ ሰው መቼም መጀመሪያ የሚያየው ዓሣውን ነው።

እኔን የያዘኝ ግን መንገዱ ነው። "ቢያላኽ ና ባ" ይባላል። 626 ሜትር ላይ ይወጣል፣ የተሠራው በ1822 ነው። የባሕር ዳርቻው መንገድ በ1970ዎቹ እስኪከፈት ድረስ በመኪና መግቢያው ይሄ ብቻ ነበር። ግርጌው ላይ ትልቅ ሰሌዳ አለ፤ ለማጅ ሹፌር ባይሞክረው ይሻላል ይላል። እኔ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አራት ወሬ ነው። ወጣሁት። መሃል ላይ ጭጋግ ወረደና ከኮፈኑ ፊት ያለው አስፋልት ጠፋኝ። መሪውን ጨምድጄ ይዤ ትዝ ያለኝ ጣርማ በር ነው። ያው ጭጋግ፣ ያው ገደል።

"ቢያላኽ" ማለት ለካ "በር" ነው። የቤት በር አይደለም፣ የተራራ በር፣ እኛ ጣርማ በር እንደምንለው። "ባ" ደግሞ ላም ናት። ድሮ ከብት ነጂዎች ወደ ገበያ የሚያሻግሩት በዚሁ ነበር። እንግሊዝኛው አራት ቃል ደርድሮ ነው የሚያስረዳው። አማርኛ ሁለት ይበቃዋል፦ ላም በር።

ማታ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ እማዬ ጋ ደወልኩ።

"የት ነሽ?" አለችኝ።

"ላም በርን አልፌ መጣሁ።"

ዝም አለች። ከዚያ፣ "ላም በረት? ውይ በሞትኩት፣ መቼ ገባሽ? ምነው ሳትነግሪኝ!"